ቆሮሶውን ብዪ

ውድ እህቴ፣

ሆድሽ እንዴት ነው? እማዬ «ደህና እየገፋች ነው» ስትለኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ዓሣ ልብላ ወይስ ልተው ላልሽኝ በስልክ መመለስ አልፈለግሁም። የምውልበት ሥራ ስለሆነ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ።

ብዪ፤ ለልጁም ይጠቅመዋል። ግን ቆሮሶውን ብዪ። ትልልቁን ቢልጫ እስክትገላገዪ ተዪው። ሐዋሳ ሐይቃችሁ ላይ በተደረገ ጥናት ቢልጫ ከቆሮሶ በጣም የበለጠ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል፤ ሲያድግ ትንንሽ ዓሣ ስለሚበላ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን በበላ ቁጥር እየተጠራቀመ፣ በትልቅ አዳኝ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ከውሃው ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቢታጠብም ቢጠበስም አይወጣም።

በውሃ ውስጥ ያለ ይህን ያህል ጥቂት ሜርኩሪ እንዴት ይለካል ብለሽኝ ነበር። ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሆነን እንወጣለን። ጠርሙሱ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል፤ አንዳችን የውጪውን ብቻ፣ ሌላችን የውስጡንና ጠርሙሱን ብቻ እንነካለን። ጥርሱ በሜርኩሪ ቅይጥ የተሞላ ሰው በተከፈተ ጠርሙስ ላይ እንዲተነፍስ እንኳ አይፈቀድም። ላቦራቶሪ ሲገባ ሜርኩሪውን ወደ ተን እንለውጠዋለን፣ ተኑን ወርቅ ይይዘዋል። ወርቁ ሲግል ተኑን ይለቀዋል፤ ተኑም 253.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል፣ እኛ የምንለካው ያንን ነው። በዚህ መንገድ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 0.2 ናኖግራም ድረስ ይታያል፤ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ከናሙናው ጎን ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ አብሬ እለካለሁ። እሱ ላይ ሜርኩሪ ከታየ የዚያን ቀን ውጤት አልቀበልም። ቁጥሩ ከሐይቁ ይሁን ከእኔ ጓንት ሳላውቅ ለየትኛዋም እናት አልነግርም።

ሚናማታን ሳስብ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበዛብኝም። በዚያች የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ሜቲል ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለዓመታት ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሮ፣ ሜርኩሪው ያመጣው በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ ፅንሱን ከመርዝ ይከልላል ብለው ያምኑ ነበር። እምብዛም ያልታመሙ እናቶች ግን አእምሮና ሰውነታቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። እኛ እትብት እንቀብራለን፣ ጃፓኖች አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ያኖሩታል። ሐኪሙ ማሳዙሚ ሃራዳ እነዚያን የደረቁ እትብቶች ከየቤቱ ሰበሰበ፤ ሲለኩም ማንም ሳይለካው ያለፈው የእነዚያ ዓመታት ሜርኩሪ በውስጣቸው ተገኘ። በሙያዬ ከዚህ ታሪክ የበለጠ ልቤን የሚነካኝ የለም።

ያንቺን የሜርኩሪ መጠን ለማወቅ እትብት መጠበቅ የለብንም። ሜቲል ሜርኩሪ ፀጉር ሲበቅል አብሮ ይገባል፣ ፀጉር ደግሞ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ከማጅራትሽ በላይ፣ ከራስ ቅልሽ አስጠግተሽ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ቁረጪ። የሥሩን ጫፍ በክር እሰሪው፣ አለዚያ የትኛው ወር የቱ እንደሆነ አላውቅም። በፖስታ አድርገሽ ላኪልኝ። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የምትቀቢ ከሆነ ዛሬውኑ ጣዪው፤ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፣ ፀጉሩንም ይበክላል።

ውጤቱን ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ፣ እማዬን አናስጨንቃት። የታዘዘልሽን የብረት እንክብልም እንዳታቋርጪ።

የምትወድሽ እህትሽ