ከቦንጋ እስከ ሳተላይት

ብዙ ተማሪዎች ሒሳብንና ፊዚክስን የሚሸሹት ከዕለት ኑሯቸው የራቁ ስለሚመስሏቸው ነው። በአስተማሪነት ዘመኔ «ይህ ትምህርት የቡና አገር ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። ለዚህ ጥያቄ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ያ ሰው ዶክተር ቅጣው እጅጉ ናቸው። የተወለዱት በ1940 ዓ.ም. ከአማን ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቦንጋ ከተማ ነው። ከዚያም በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምረው ወደ ጃፓን አመሩ፤ ቋንቋውም ባህሉም ለእንግዳ በሚከብድበት አገር የምሕንድስና ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻግረው የሳተላይት መሐንዲስ ሆኑ። ከተሳተፉባቸው ሥራዎች አንዱ ጂ.ፒ.ኤስ. በመባል የሚታወቀው የአቅጣጫና የቦታ ማመልከቻ ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ስፍራና መልእክቱን የላከበትን ሰዓት በራዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ያስታውቃል። ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በእጃችን ያለው መሣሪያ ሞገዱ በጉዞ ላይ የቆየበትን ጊዜ በፍጥነቱ አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል፤ ከአራት ሳተላይቶች መልእክት ሲደርሰውም ያለንበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል። ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የሆነውን የአቶም ሰዓት የሚይዙትም ለዚህ ነው። እንግዲህ ከቴፒ ቡና ጭኖ የሚነሣው ሾፌር በስልኩ መንገዱን ሲመለከት፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርነው የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ሒሳብ በሥራ ላይ ነው።

ዶክተር ቅጣው በጥር ወር 1998 ዓ.ም. በሰው አገር ሳሉ ዐረፉ። በእርሳቸው መኩራት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ኩራት ብቻውን የተበላሸ ማማ አይጠግንም። የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። በመሆኑም እንደ ደቡብ ምዕራብ ባለ ኮረብታማ ምድር ማማዎቹ በከፍታ ላይ ይተከላሉ። አንዱ ማማ ሥራውን ሲያቆም ገበሬው የቡናውን ዋጋ መጠየቅ፣ ምጥ የያዛት እናት ቤተ ሰብም አምቡላንስ መጥራት ይሳነዋል። በዚያን ሰዓት ዝናብና ጭቃ ሳይበግረው ወደ ኮረብታው የሚወጣ፣ የጉድለቱንም ምክንያት መርምሮ የሚያገኝ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሥራውን ማንም ቆሞ አያየውም፤ ውጤቱ ግን በየቤቱ ይሰማል።

ዶክተር ቅጣው ወጣት በነበሩበት ዘመን በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ሁሉ አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። ዛሬ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በቡናው ምድር ይገኛል። ስለሆነም መንገዱ አጥሯል ማለት ይቻላል፤ ትጋቱ ግን አላጠረም። ከቦንጋ ተነሥቶ እስከ ሳተላይት የደረሰው ዕውቀት ተመልሶ የአገሩን ኮረብታ የሚያገለግለው፣ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ደብተሩን በቁም ነገር ሲይዝ ነው።