ሁለቱ አሞራዎች

የምኖረው ደባርቅ፣ ከስሜን ተራሮች አጠገብ ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት አሞራ አዘውትሬ አያለሁ።

አንደኛው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ክብደቱ 2 ኪሎ ያህል ነው። ፊቱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀጭን ነው። ሰው ብዙም አይፈራም። በሬ በታረደበት አጥር ላይ ተቀምጦ ቁርጥራጭ ሥጋ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጢማሙ አሞራ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጎጆው ገደል ላይ ነው። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ሌላው የተወውን እሱ ይፈልገዋል።

አንዱ የመንደር፣ አንዱ የገደል ነው። ጠላታቸው ግን አንድ ነው፤ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ የተመረዘ ሥጋ ሲበሉ ይሞታሉ። ሁለቱም በዓመት ከአንድ ጫጩት በላይ አያሳድጉም። ስለዚህ የሞተው ቶሎ አይተካም። ትንሹ ጥንብ አንሳ በ2015 እ.ኤ.አ. ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ጋር ተመዝግቧል።

አሞራን የሚጸየፍ ሰው ይገርመኛል። እሱ ባይኖር ጥንቡን ማን ያነሳልን ነበር? እንግዲህ ወገኖቼ፣ በመርዝ የሞተ እንስሳ ሜዳ ላይ አትጣሉ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።