አባቴ፣ ካያኩና የባትሪው ሳጥን

ባለፈው ኤፕሪል አባቴ አንድ ያገለገለ ካያክ ገዝቶ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችው። «በ58 ዓመትህ ልትዋኝ ነው?» አለችው። «ልዋኝ አይደለም፣ አሣ ላጠምድ ነው» ብሎ ካያኩን ጋራዥ ውስጥ አስገባ። ያን ቀን ቤታችን ቡና የተጠጣው በሁለት ወገን ተከፍለን ነው።

ለአባቴ ውኃ እንግዳ ነገር አይደለም። የተወለደው ባሕር ዳር ነው። በልጅነቱ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጣና ላይ ይወጣ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንደዚያም ተደርጎ ዕድሜው አጭር ነው። አሁን የምንኖረው ሲያትል፣ ከሌክ ዋሽንግተን የ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። አባቴ ታክሲ በነዳባቸው ዓመታት ያንን ሐይቅ በተንሳፋፊዎቹ ድልድዮች ላይ ስንት ጊዜ እንደተሻገረው ቆጥሮ አይጨርሰውም። እጁን ግን ነክሮበት አያውቅም ነበር።

የኔ ጭንቀት ከእናቴ ጭንቀት ትንሽ ይለያል። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ አባቴ ደግሞ የደም ግፊት አለበት። በዚያ ወቅት ፀሐይ ቢወጣም የሐይቁ ውኃ ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ በድንገት ሲወድቅ በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ የልብ ምቱና ግፊቱም ወዲያው ይጨምራል። ያንን ካለፈ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይሉታል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን የሚስተው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ሰው ብርዱ ሳይገድለው መስጠም ይቀድመዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቅሁት። ላይፍ ጃኬቱን ከዳር እስከ ዳር እንዳያወልቅ፣ ስልኩን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ ደረቱ ላይ እንዲይዝ፣ ጎሕ ሳይቀድና ሲመሽ የሚያበራው ነጭ መብራት እንዲኖረው። «እሺ» አለ። ከዚያ የራሱን አራተኛ ጨመረ፦ ፊሽ ፋይንደር።

ፊሽ ፋይንደር ወደ ውኃው ሥር ድምፅ ይልክና ነጥሮ የሚመለሰውን በማዳመጥ ጥልቀቱን፣ ወለሉንና በመሐል ያለውን አሣ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን 12 ቮልት ትፈልጋለች። መብራቱም እንደዚሁ። ካያክ ላይ ደግሞ ውኃ የማይደርስበት ቦታ የለም። ከመቅዘፊያው ይንጠባጠባል፤ ትልቅ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ማዕበሉ ይረጫል፤ ዝናቡም አለ፤ ያለነው ሲያትል ነው። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ሳጥን ዋጋው አባቴ መሣሪያውን ከገዛበት ይበልጥ ነበር። «ለባዶ ሳጥን?» አለ። «እኛው እንሠራዋለን።» እኛ ያለው እኔንና ራሱን ነው።

ይህን መጽሔት የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደኔ የቤታችሁ አስተርጓሚ ሆናችሁ ያደጋችሁ ይመስለኛል። እኔ ከ9 ዓመቴ ጀምሮ የባንክ ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የወንድሜን የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ የአባቴን የሐኪም ቀጠሮ ሳስተረጉም ነው የኖርኩት። በዚህ መሐል ማንም ሳያስበው አንድ ነገር ይለወጣል፤ አባት ጠያቂ፣ ልጅ መላሽ ይሆናሉ። አባቴ ባሕር ዳር ሳለ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን እንደነበር አውቃለሁ። ግን የማውቀው እንደ ተረት ነበር። እውነት የሆነልኝ ጋራዥ ገብተን ሥራ ስንጀምር ነው።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ሒሳቡን ነው። ባትሪያችን 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ ለቤት አላርም የሚያገለግለው ዓይነት፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ፊሽ ፋይንደሩና መብራቱ አንድ ላይ ግማሽ አምፒር ገደማ ይወስዳሉ።

«7ን ለግማሽ ስታካፍዪው ስንት ይሆናል?» አለኝ።

«14 ሰዓት።»

«እሱ የወረቀቱ ነው። ይሄን ባትሪ ከግማሽ በታች አታወርጂውም፣ ዕድሜው ያጥራል። 7 ሰዓት ብለሽ ያዢ።»

ክፍል ውስጥ የመድኃኒት መጠን ስናሰላም የምንማረው ይህንኑ ነው። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ መጠኑ ለታካሚው ላይሆን ይችላል።

ለሳጥንነት የመረጥነው ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ በአራቱም ጎን የሚቆለፍ ጠንካራ የምግብ ማስቀመጫ ነው። ገና ሳንበሳው ፈተንነው። ውስጡ ደረቅ የወረቀት ፎጣ፣ ለክብደት ደግሞ ድንጋይ አድርገን የሻወር ቤቱ ገንዳ ውስጥ 30 ደቂቃ አሰጠምነው። ሰዓቱን የወሰድነው ስልኮች ላይ አይፒ67 ከሚባለው ደረጃ ነው። እሱ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውኃ አለማስገባትን ያመለክታል፤ የኛ ገንዳ ግን 1 ሜትር አይሞላም። እናቴ ስታልፍ አይታን «ደግሞ ድንጋይ ማጠብ ጀመራችሁ?» አለች።

ስናወጣው ፎጣው በአንድ ጥግ ረጥቧል። አባቴ ቅር አላለውም። «ጥሩ ነው፤ ባትሪ ሳይገባበት ነገረን» አለ። ሁለተኛው ዕቃ ጎማው ወፈር ያለ ነበር፤ ፎጣው እንደደረቀ ወጣ።

ከዚያ ከባዱ ሥራ መጣ። ውኃ የማያስገባ ሳጥን አግኝታችሁ መልሳችሁ ራሳችሁ ትበሱታላችሁ፤ ሽቦው መውጣት አለበትና። ለዚህ የሚሆን ኬብል ግላንድ የሚባል ትንሽ የፕላስቲክ ብሎን አለ። አባቴ «ማነቂያ» ይለዋል። ሲጠብቅ በውስጡ ያለው ጎማ የሽቦውን አንገት አንቆ ይይዛል። የበሳነው ክዳኑን ሳይሆን ጎኑን ነው፤ ወደ ላይ ጠጋ አድርገን፣ ለአንድ ሽቦ አንድ ቀዳዳ። ሽቦው ክብ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ሁለት ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ከገባ ጎማው ዙሪያውን እኩል አይዝም። ከሳጥኑ ውጭ ደግሞ ሽቦው መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ከዚያ ወደ ቀዳዳው እንዲወጣ አደረግን። በላዩ የሚፈሰው ውኃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይሄድም።

በሲሊኮን ብቻ ለምን እንደማንደፍነው ጠየቅሁት። ሳጥኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ሲሊኮን በደንብ አይዝም አለኝ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ መዳብ ይበላል።

ፊውዙ 2 አምፒር ነው። የተቀመጠውም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ነው። እኔ ፊውዝ መሣሪያውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አባቴ «ዋናው ሥራው ሽቦውን ከመቃጠል ማዳን ነው» አለኝ። «ይቺ ትንሽ ባትሪ ሁለቱ ጫፎቿ ከተነካኩ ሽቦውን እሳት ታደርገዋለች። ፊውዙን ካራቅሽው እስከ እሱ ድረስ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።» ባትሪው እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ስፖንጅ ጠቀጠቅንበት። የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶችም ጨመርን፤ ቤት ውስጥ የታሸገ ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲደርስ በውስጥ በኩል ጤዛ ይሠራልና።

የመጨረሻው ትምህርት ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ እያለ ቻርጅ እንደማይደረግ ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ከመጠን ሲያልፍ፣ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል። ሃይድሮጅን ደግሞ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች። ውኃ የማያስገባ ሳጥን ጋዝም አያስወጣም።

አባቴ እያንዳንዱን ነገር ካሳየኝ በኋላ «በይ አሁን አንቺ አስረጂኝ» ይለኛል። ካላስረዳሁት ወደሚቀጥለው አይሄድም። እኛ ይህን በእንግሊዝኛ ቲች ባክ ብለን ነው የተማርነው። ታካሚውን «ገባህ?» ከማለት ይልቅ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግርህ ትጠይቀዋለህ። ለኛ ሰዎች በጣም ያስፈልጋል። በልምምድ ላይ ሆኜ ያገሬ ሰው የሆኑ አዛውንቶች «እሺ» ሲሉ ስሰማ ቃሉ ስንት ነገር እንደሚይዝ አውቃለሁ። ገባኝ ማለት ሊሆን ይችላል። አክብሬሻለሁ፣ አትድከሚ፣ በቃ ልሂድ ማለትም ሊሆን ይችላል።

ጁን ላይ ሳጥኑ ውኃ ላይ ወጣ። ሱዋርድ ፓርክ ዳር እኔና እናቴ ቆመን አየነው። ጥቂት ቆይቶ ደወለ። «43 ሜትር ይላል!» አለ። ጣና ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። «ሦስት ጣና ደራርበሽ ብትከቺው ይውጠዋል» እያለ ሳቀ። ሦስት የሎ ፐርች ይዞ ተመለሰ፤ እናቴ ምንም ሳትናገር ጠበሰቻቸው። ሳጥኑን ስንከፍተው ውስጡ ደረቅ ነበር።

ኦገስት ላይ አባቴ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ግፊቱ አልስተካከል ብሎ ነበርና እንደወትሮዬ ላስተረጉም አብሬው ሄድኩ። ስማችን ሲጠራ ወደኔ ዞሮ «ዛሬ አስተርጓሚ ይጥሩልኝ። አንቺ ልጄ ሆነሽ ተቀመጪ» አለኝ። አስተርጓሚው በስክሪን መጣ፤ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ሰው ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ወለሉን እያየ «አንደኛው ክኒን ያሸናል» አለ። «ሐይቅ በምወጣበት ቀን አልወስደውም። ካያክ ላይ የት እሄዳለሁ? በሳምንት ሦስት ቀን እወጣለሁ።»

ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንድ ጊዜ ከአባቴ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ ከስክሪኑ በእንግሊዝኛ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ስለነገራት አመስግና ያንን ክኒን በሌላ ዓይነት ቀየረችለት፤ ግፊቱን ቤት እየለካ እንዲጽፍም ነገረችው። አሁን መዝገቡ የተንጠለጠለው ጋራዥ ውስጥ፣ ከላይፍ ጃኬቱ ጎን ነው። ቁጥሩ እየወረደ ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ያለኝን አልረሳውም። «ሬዲዮ ስጠግን ሰው ‹ዝም ብሎ ተበላሸ› ብሎ ያመጣል። ወድቆበት ነው፤ ወይ ውኃ ደፍቶበታል። አፍሮ አይነግረኝም። እሱ የሚያውቀውን ነገር እኔ ስፈልግ ቀኑ ይመሻል።» ትንሽ ዝም ብሎ «በዚያኛው በኩል መቆም ከባድ ነው» አለ።

ያ ቃል በኔ በኩል ማለፍ እንደማይችል አሁን ይገባኛል። አንድ የባሕር ዳር አባት ስለ ሽንቱ ለልጁ ነግሮ፣ ልጁ ደግሞ ለሴት ሐኪም እንድትተረጉምለት አይፈልግም። ምንም ያህል እንግሊዝኛ ባውቅ፣ ምንም ያህል ነርሲንግ ብማር፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ የሚነገረው ለልጅ የሚነገረው ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለሚያዳግተው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ውለታ አይደለም፤ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናንተ አብራችሁ ግቡ፣ እጃቸውን ያዙ፣ የተባለውን ጻፉላቸው። ትርጉሙን ግን ለባለሙያው ተዉለት።

ወላጆቻችሁ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ይሠሩት የነበረውን ሥራም ጠይቋቸው። በወሬ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውን አምጡና አብራችሁ ሥሩ። ልብስ ሰፊም፣ አናጢም፣ መምህርም፣ ሬዲዮ ጠጋኝም ሊሆኑ ይችላሉ። ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ዕቃ ላይ አቀርቅሮ መሥራት፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣውን ወሬ ያወጣል።

ሳጥኑን ራሱን መሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ መጀመሪያ ባዶውን አስጥሙት። ፊውዙን አትርሱ። ባትሪውን ቻርጅ ስታደርጉ አውጡት። ጎማውን በየጊዜው እየጠረጋችሁ እዩት፤ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ከገባች ውኃ መንገድ ያገኛል። ስልካችሁን ግን ሳጥኑ ውስጥ አታድርጉት። ካያኩ ከተገለበጠ ሳጥኑ ከካያኩ ጋር ይሄዳል፤ ስልኩ መሆን ያለበት እናንተ ጋ ነው።