የአራስ ቤት ያልተጠየቀ ጥያቄ፦ የእጅ ስልክ መተግበሪያና የወላዶች የአእምሮ ጤና በመርካቶ ራጉኤል

ራጉኤል የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን በአንድ ሰፈር የሚሰሙበት የመርካቶ ክፍል ነው። ከወሊድ በኋላ ያሉትን ቀናት ሁለቱም ምእመናን በክብር ይቆጥራሉ፤ ኦርቶዶክሱ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን፣ ሙስሊሙም 40 ቀን። አራሷ ገንፎና አጥሚት ይቀርብላታል፤ ጠያቂም «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» እያለ ይገባል። ይሁን እንጂ ዐይን ሁሉ የሚያርፈው በሕፃኑ ላይ ነው። ደስታ በሚጠበቅበት ቤት ኀዘንን መናገር ውለታ ቢስነት ስለሚመስል፣ ሌሊት የምታለቅስ እናት ጠዋት ፊቷን ታጥባ እንግዳ ትቀበላለች። በዕለት ሽያጭ የምትተዳደረው ደግሞ ቆጠራው ሳይሞላ ወደ ንግዷ ልትመለስ ትችላለች።

የጤና አገልግሎቱም ክፍተት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት ኢትዮጵያውያት 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእጅ ስልክ መተግበሪያ ተስፋ የተጣለበት በዚህ ክፍተት ነው። በምዕራብ ወለጋ የተሞከረው የአስተማማኝ ወሊድ መተግበሪያ የአዋላጆችን ክህሎት አሻሽሏል፤ በሕፃናት ሞት ላይ ግን በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ለውጥ አላሳየም። ከዚህም በላይ መተግበሪያው የተሠራው ለባለሙያዋ እንጂ ለወላዷ አልነበረም።

ለወላዷ የሚሠራው መተግበሪያ የመጀመሪያ ፈተና ቋንቋ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድባቴን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሲሆን 10 ጥያቄዎች አሉት። በአዲስ አበባ ወላዶች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት አጥጋቢ ሆኖ ሲገኝ፣ ቀደም ሲል በቡታጅራ ገጠር በተደረገው ፍተሻ ግን በቂ ብቃት አላሳየም። ይህ ልዩነት ለራጉኤል ቀላል አይደለም፤ መርካቶን ካቀኑት መካከል ብዙዎቹ ከጉራጌ ምድር የመጡ ናቸውና። በአድራሻ ከተሜ የሆነች እናት ጭንቀቷን የምትገልጸው እናቷ በምትገልጽበት ቃል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ወላዶቹ ራሳቸው በሚናገሩበት አነጋገር ተቀርጸው እንደገና መፈተን አለባቸው።

ሁለተኛው ፈተና ምስጢር ነው። ስልኩ የባል ወይም የቤተሰቡ የጋራ ከሆነ፣ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ በሌላ ሰው ሊነበብ ይችላል። ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ ጽሑፍ ጨርሶ አይጠቅማትም። ገበሬዎች በ8028 በድምፅ ምክር የሚሰሙበት አሠራር፣ ተራ ስልክም በራስ ቋንቋ ሊያማክር እንደሚችል አሳይቷል።

ሦስተኛውና ከባዱ ግን ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ነው። የመጠይቁ 10ኛ ጥያቄ ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይመለከታል። አንዲት እናት በእኩለ ሌሊት ለዚህ ጥያቄ «አዎን» ብትል መልሷን ማን ይቀበላል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በማግሥቱ በሯን ካላንኳኳች፣ ጤና ጣቢያውም ተቀብሎ የሚያክማት ባለሙያ ካላዘጋጀ፣ መተግበሪያው የጭንቀቷን ምስጢር ወስዶ ብቻዋን ይተዋታል። እንግዲህ በራጉኤል ሊሠራበት የታሰበ ማንኛውም መተግበሪያ ከመከፈቱ በፊት፣ ያን «አዎን» የሚቀበለው ሰው ማንነትና የሚደርስበት ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።