ዘር፣ ችሎታና የከተማ በር

ዛሬ ፖለቲካ የለም (ቢያንስ እስከ መሀል ድረስ…)። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። «ትልቅ ሰው ሆነህ ጌም?» የምትሉ ካላችሁ፣ እናቴም እንደዚያው ትላለች። አልተስማማንም፤ ኑሮ ግን ቀጥሏል።

ጌሙ ስካይሪም ይባላል። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነው፤ ዛሬም ተጫዋቹ አላለቀም። ሲጀምር እጃችሁን ታስራችሁ በጋሪ ወደ መሰየፊያ ትወሰዳላችሁ። የስም ዝርዝር የያዘ ወታደር ፊታችሁ ይቆምና «አንተ ማነህ?» ይላል። ያኔ የምርጫው ገጽ ይከፈታል። ከሁሉ በፊት የምትመርጡት ምን ይመስላችኋል? ዘር! አስቡት እስቲ፤ አንገታችሁ ሊቀላ ነው፣ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ እንኳ የለም፣ ግን ዘራችሁን ሳታስመዘግቡ መሞትም አይቻልም። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ እስቃለሁ። በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለውን መስመር የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደምስቅ ይገባዋል።

ምርጫው አሥር ነው። ኖርዶች የበረዶ አገር ሰዎች ስለሆኑ የብርድ ጉዳት በግማሽ ይቀንስላቸዋል። እንሽላሊት መሰሎቹ አርጎኒያኖች ውኃ ውስጥ ይተነፍሳሉ። ድመት መሰሎቹ ካጂቶች በጨለማ ያያሉ። ኦርኮች ደግሞ በቀን አንዴ ቱግ ብለው ለ60 ሰከንድ በመሣሪያ የሚያደርሱት ጉዳት እጥፍ፣ የሚደርስባቸው ግማሽ ይሆናል። (እንዲህ ያለ ሰው ታክሲ ወረፋ ላይ ገጥሞኛል።)

ታናሽ ወንድሜ «አስማተኛ መሆን ከፈለግህ ሃይ ኤልፍ ምረጥ፤ ኦርክና አስማት አይተዋወቁም» ይለኛል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በጌሙ 18 ችሎታዎች አሉ፤ ሁሉም ከ15 ይነሳሉ፣ ጣሪያቸው 100 ነው። ዘር የሚጨምረው ለአንድ ችሎታ 10፣ ለሌሎች አምስት ደግሞ 5፣ 5 ነጥብ ነው። በቃ! እሳትና መብረቅ በሚወረውረው አስማት ሃይ ኤልፉ ከ20 ይጀምራል፣ ኦርኩ ከ15። ልዩነቱ አምስት። ኤልፉ ሲወለድ 50 ነጥብ የአስማት ጉልበት ይመረቅለታል፤ እሱም ቢሆን አምስት ደረጃ በማደግ የሚገኝ ነው። የቀረው ሁሉ ሥራ ነው። ሰይፍ የመዘዘ በሰይፍ ያድጋል፣ ቁልፍ የጎረጎረ በቁልፍ። አንድ ክረምት ሙሉ ኦርክ አስማተኛ ሆኜ ተጫወትኩ፤ 100 ገባሁ። ወንድሜ አየና «ኮድ አስገብተህ ነው» አለኝ። ሰው አንዴ ያመነውን ቁጥር አያስለውጠውም።

እዚህ ላይ ባቆም «ዘር ምንም አይደለም፣ ጠንክራችሁ ሥሩ» ብዬ ጭብጨባ እቀበል ነበር። ግን ዊንድሄልም የምትባል ከተማ አለች።

ዊንድሄልም ስትገቡ ሁለት ኖርዶች አንዲትን ዳርክ ኤልፍ ሲያስፈራሩ ታያላችሁ። ወገኖቿ ግሬይ ኳርተር በሚባል የተጎሳቆለ ሰፈር ታጭቀዋል። አርጎኒያኖች ከግንቡ ውስጥ መኖር ተከልክለው ወደቡ ላይ ይሸከማሉ፤ ለዚያው ሥራ ከኖርድ ያነሰ ይከፈላቸዋል። የካጂት ነጋዴዎች ከከተሞች በር ውጭ ድንኳን ተክለው ይነግዳሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በችሎታ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነጥብ እንኳ የለውም። ውኃ ውስጥ መተንፈስ ለደመወዝ ምን ያደርጋል?

የሚገርመው፣ እናንተ ራሳችሁ አርጎኒያን ሆናችሁ ስትጫወቱ በሩ ወለል ይላል። እዚያው ከተማ ቤት ትገዛላችሁ፣ ማዕረግ ትቀበላላችሁ። ጀግና ናችኋ! ድራገን ገዳይ! የተቀሩት አርጎኒያኖች ግን ያው ወደቡ ላይ ናቸው።

እኛም ጋ «እገሌ እንኳ ደርሶ የለም እንዴ?» የሚባል ክርክር አለ። አንድ ጎበዝ ይጠቀስና በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል። እኔ ቤት ልከራይ ሄጄ፣ አከራይዋ ሥራዬንም ደመወዜንም ሳይጠይቁ «ለመሆኑ ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። መለስኩ። ክፍሉ ድንገት «ተይዟል» ተባለ፤ ማስታወቂያው ግን በማግስቱም በሩ ላይ ነበር። ያን ቀን 100 የገባ ምንም ዓይነት ችሎታ አያድነኝም ነበር።

ጌም ሠሪዎቹስ? የዚህ ሁሉ ጨዋታ አባት የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የተጫዋች መመሪያ «ዘር» የሚለውን ቃል በ«ዝርያ» ተክቶታል፤ የጉልበትና የብልሃት ጭማሪውንም ገጸ ባሕርዩ ካሳለፈው ሕይወት ጋር አያይዞታል። በ2023 የወጣው ባልደርስ ጌት 3ም ጭማሪውን ተጫዋቹ እንደፈቀደ እንዲመድብ ይተውለታል። ጥሩ ነው፣ ይበል! ግን ቁጥር ማስተካከል ቀላሉ ነው፤ ከባዱ በሩ ነው።

ዊንድሄልም ወደብ ላይ አንድ አርጎኒያን «ስለ ደመወዛችን አሠሪያችንን አናግርልን» ይላችኋል። ትንሽ ሥራ ነው፤ ድራገን የለበትም። ለእኔ ግን በሩ የተከፈተለት ሰው ውስጥ ገብቶ ሊሠራ የሚገባው እሱን ነው። ዘልላችሁት ከነበረ ተመለሱበት።

ቸር ይግጠመን!