ታውኑስን ከግርጌው ብቻ የሚያውቁ

ፍራንክፈርትን ያልረገጠ ስደተኛ ሀበሻ ጥቂት ነው። ግማሻችን አውሮፕላን ቀይረንባታል፤ ግማሻችን ጥገኝነት ጠይቀንባታል። ከከተማይቱ በስተሰሜን ምዕራብ የተጋደመውን የታውኑስን ተራራ ወጥቶ ያየው ግን ብዙ አይደለም። ከፍተኛው ጫፍ ፌልድበርግ 880 ሜትር ገደማ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ቆላ ነው ማለት ነው።

በቅርቡ ለአስተርጓሚነት ሥራ ሄጄ የመጨረሻዋ ቀን ነጻ ሆነችልኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተሰደው እዚያው የቀሩ አንድ ታላቅ ወዳጄን «ጋሼ፣ ተራራው ላይ ያሉትን መንደሮች ያሳዩኝ» አልኳቸው። «እኔም አላውቃቸው፤ አብረን እናያለን» አሉኝ።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ በኤስ 4 ተሳፍረን፣ 20 ደቂቃ ያህል ሄደን ክሮንበርግ ወረድን። ኮረብታው ላይ ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግንብ አለ። ከሥሩ በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት አሮጌ ቤቶች ቋሚያቸውና ማገራቸው በውጭ የሚታይ፣ መሐላቸው በጭቃ የተመረገ ነው። «ታዲያ ይኼ የእኛው ጭቃ ቤት አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ ሳቅን። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቤተ መንግሥት ዛሬ ውድ ሆቴል ነው። ያሠሩት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የፍሪድሪኽ 3ኛ መበለት ናቸው፤ በ1901 ያረፉትም እዚያው ነው።

ከዚያ በእግራችን በፋልከንሽታይን በኩል ኬኒግሽታይን ደረስን። ምሽጉ ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ የሚወስደውን የነጋዴ መንገድ ይጠብቅ ነበር፤ በ1796 ፈረንሳዮች በባሩድ አፈረሱት። በእኛ አገር ሰው አምባ ላይ የሚሰፍረው ጠላትንና ወባን ሽሽት ነው። እዚህ ዛሬ ተራራው ላይ የሚሰፍረው ገንዘብ ያለው ነው።

ከፍርስራሹ ላይ ሆነን ሜዳውን ስናይ፣ ጋሼ በጣታቸው ሽቫልባኽን አሳዩኝ። በ1980ዎቹ የሄሰን ክፍለ ሀገር ስደተኞችን የሚቀበልባት ከተማ ነበረች። እሳቸውም ማመልከቻቸው እስኪታይ በዚያው አውራጃ 3 ዓመት ጠብቀዋል። በ1982 የወጣው ሕግ፣ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ያለ ፈቃድ ከተመደበበት አውራጃ እንዳይወጣ ያግድ ነበር። ክሮንበርግ ከሽቫልባኽ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ናት፤ ነገር ግን በሌላ አውራጃ ናት።

«የክሮንበርግን ግንብ በመስኮት ሳየው 3 ክረምት አለፈኝ» አሉ። «ወረቀቱን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ዓይኔ ጠላው።»

የሚገርመው፣ አሳሹ ኤድዋርድ ሩፕል የፍራንክፈርት ልጅ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ስትታመስ፣ የስሜንን ተራሮች ወጥቶ ጎንደር ገብቷል። ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። ይዟቸው የተመለሰው የግዕዝ ብራናዎች ዛሬም በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ። እሱ ተራራችንን አቋርጦ በሰላም አገሩ ገባ። የአገሩ ሕግ ግን ከ150 ዓመት በኋላ የእኛን ሰው ከአንዲት ኮረብታ ከለከለው።

ሕጉ በ2015 ላላ ብሏል፤ በመጀመሪያ መቀበያ ያሉትን ግን ዛሬም ይይዛል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ በፍራንክፈርት ስታልፉ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ኤስ 4ን ያዙ። መጠለያ ውስጥ ወረቀት የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ መውጣት ከተፈቀደለት ይዛችሁት ውጡ። ካልተፈቀደለት ተራራው ይቅርና እሱን ጎብኙት።