ከአንደኛ ክፍል በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንደ እኛ ባለች ትንሽ ከተማ ልጁ ለትምህርት የደረሰለት ወላጅ የሚመርጠው ከሦስት ነው፦ በክፍያ ከሚያስተምር የግል መዋዕለ ሕፃናት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ካለው «ኦ» ክፍል፣ አለዚያም በደጀ ሰላሙ ካለው የቄስ ትምህርት ቤት።

«ኦ» ክፍል የተስፋፋው በ2002 ዓ.ም የወጣውን የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ተከትሎ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅም አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት እንዲዘጋጅ ታስቦ ነበር። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዓመት መጨመር ብቻውን ሕፃን አያስተምርም።

ታላቅ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ልታስመዘግብ ስትዘጋጅ፣ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ነበርና ሦስቱንም አብሬያት አየሁ። በግሉ መዋዕለ ሕፃናት ንጹሕ ክፍልና አጫጭር ወንበሮች አሉ፤ ሕፃናቱ ግን ትርጕሙን የማያውቁትን እንግሊዝኛ ሲደግሙ ይውላሉ። ክፍያውም ከእኅቴ ዐቅም በላይ ነበር። በ«ኦ» ክፍሉ ሕፃናቱ የተቀመጡት ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ አግዳሚ ላይ ስለሆነ እግራቸው መሬት አይነካም። ከጥቁር ሰሌዳው በቀር መማሪያ የሚሆን ዕቃ የለም። መምህርቷ ግን ከየሻይ ቤቱ የለስላሳ ቆርኪ ለቅማ በእርሱ መቁጠር ታስተምራለች፤ ሁሉንም በየስማቸው ትጠራቸዋለች። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ተቀምጠው እየሰሙ፣ ከፍ ያለው ልጅ ስንጥር ይዞ ለታናሹ ፊደል ያስቆጥራል። በዚያ ፊደልን መለየትና ቃልን አጥርቶ መናገር ይለመዳል፤ ሥዕልና ጨዋታ ግን የሉም።

ከዚህ የተረዳሁት፣ ጥራት በክፍያ መጠንና በደንብ ልብስ እንደማይለካ ነው። ሕፃን የሚማረው በእጁ እየዳሰሰ፣ እየተጫወተና በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ወላጆች ስትመዘግቡ «እንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት፣ «ልጄን በስሙ የሚያውቀው ማን ነው? በምን ይጫወታል? ውኃና መጸዳጃ ቤት በቅርብ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኅቴ ልጇን «ኦ» ክፍል አስገባቻት፤ ከሰዓት በኋላም ወደ የኔታ ትልካታለች። ሁለቱ የጎደላቸውን እርስ በርሳቸው ይሞላሉ።

ለመምህራንና ለመማሪያ ዕቃ በጀት መመደብ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአክብሮት ልንጠይቅ ይገባናል። አጭር አግዳሚ ለመሥራት ግን በመካከላችን አናጺዎች አሉ፤ ፊደል በካርቶን ላይ ለመጻፍና ቆርኪ ለመልቀምም እጅ አላነሰንም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም ነውና ወደዚያ የምንሄደው ለመስበክ አይደለም። የእኛም፣ የሙስሊም ጎረቤታችንም ልጅ ሲቀመጥ እግሩ መሬት እንዲነካ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።